በርበሬ በረንዳ፦ ለሰለቸ የጾም ማዕድ

ወጥ መሥራት የታከተው ሰው ወዴት ልሂድ ብሎ ቢጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው፤ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ። ግምገማ ሲባል ምግብ ቤት ወይም ዕቃ መጠበቅ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን የምገመግመው ገበያ ነው። ለቤቴ ማዕድ ይህ ቦታ የጠቀመኝን ያህል አንድም ምግብ ቤት፣ አንድም የምግብ ዝግጅት ትምህርት አልጠቀመኝም። ስለዚህ ደጉንም ክፉውንም በዝርዝር ልጻፈው።

ቤታችን የሚጾም ቤት ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ነነዌ 3 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ከሁሉም ደግሞ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይዘልቃል። የመጀመሪያው ሳምንት አይከብድም። ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ሽሮ፣ ፎሶሊያ እየተባለ ያልፋል። በሁለተኛው ሳምንት ያው ተመልሶ ይዞራል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጆቼ የድስቱን ክዳን ከፍተው አይተው ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ፤ ባለቤቴ ዝም ብሎ ይበላል፤ አብረውን የሚኖሩት አማቴ ደግሞ «የጾም ምግብ ድሮ እንዲህ ድሃ አልነበረም» ይላሉ። ይህ አነጋገራቸው ከሌላው ሁሉ በላይ ያሳስበኝ ነበር፤ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። እናቶቻችን ከእኛ ያነሰ ዕቃ ይዘው ከእኛ የበዛ ዓይነት ያቀርቡ ነበር።

በስልክ የሚታዩት የምግብ ዝግጅት ቪዲዮዎች ያምራሉ። ነገር ግን ግማሾቹ እኔ ቤት የሌለ ምድጃና ሰፈሬ ሱቅ የማይሸጠው ዕቃ ይጠይቃሉ፤ የቀሩት የማውቀውን ምስር ወጥ መልሰው ያሳዩኛል። የታሸገ ቅመምም ገዝቼ አይቻለሁ። ስሙን ከማልጠራው አንድ መደብር ያመጣሁት የኮረሪማ ዱቄት እሽጉ ሲከፈት ምንም አልሸተተኝም። የኮረሪማ መዓዛ ያለው በፍሬው ውስጥ ባለው ዘይት ነው፤ ተፈጭቶ ወራት ከተቀመጠ ዘይቱ ይተንና ቡናማ ዱቄት ብቻ ይቀራል። በርበሬ በረንዳና በዙሪያው ባሉት የቅመም ሱቆች ኮረሪማ ከነቅርፊቱ ይሸጣል። ቅርፊቱን ራሳችሁ ሰንጥቃችሁ ፍሬውን ታወጣላችሁ፤ የገዛችሁትን ነገር በዓይናችሁ ታውቁታላችሁ።

ቦታውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልግለጽ። የመርካቶ ትልቁ ጸጋ አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ቦታ መሰብሰቡ ነው። በርበሬ የሚፈልግ በርበሬ በረንዳ ይሄዳል፣ ጥሬ የሚፈልግ እህል በረንዳ ይሄዳል። ስለዚህ ጥቂት እርምጃ ብቻ በመራመድ የአምስት ነጋዴዎችን ዛላ ማወዳደር ይቻላል። መድረሳችሁን የሚነግራችሁ ጉሮሯችሁ ነው። በጆንያ የተከመረው ዛላ አቧራ ከአየሩ ጋር ስለሚደባለቅ ነጋዴውም፣ ተሸካሚውም፣ ገዢውም ያስነጥሳል። የማረቆው ዛላ አንድ ቦታ፣ የአላባው ደግሞ አጠገቡ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ጥሩ ዛላ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር ቀይ ያደላል፣ ሲነቀንቁት ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል። አንድ ሁለቱን ሰንጥቃችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ነጭ ወይም ጥቁር ነገር ከታየበት ሻጋታ ነክቶታል፤ የሻጋታ መርዝ ደግሞ በመታጠብም ሆነ በመፈጨት አይጠፋም። ደኅና ነጋዴ ዛላው ቢሰነጠቅበት አይቆጣም። የሚቆጣውን ትታችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

እኔን ደጋግሞ የሚወስደኝ ግን በርበሬው ብቻ አይደለም። ሻጮቹ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹም የሚሸጡትን ነገር እናታቸው ስትሠራበት እያዩ ያደጉ ናቸው። «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ስሙንና ዋጋውን ይነግሯችኋል። «እናንተ አገር ምን ይሠራበታል?» ካላችሁ ግን ወጥ ይነግሯችኋል። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚመለስ ሰው የቦታውን ግማሽ እንኳን አላየም።

ጥምዝን ልጥቀስ። በመከለሻ ውስጥ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከኮረሪማው፣ ከቅርንፉዱና ከቁንዶ በርበሬው ጋር ተፈጭቶ ስለሚመጣ ግን ብቻውን ምን እንደሚሸት የምናውቅ ጥቂት ነን። ጥምዝ ከጣት የምታንስ፣ ጥቁር፣ ትንሽ የበቆሎ ራስ የምትመስል ነገር ናት። የሸጠልኝ ከካፋ የመጣ ወጣት ነው። ልገዛ እጄን ስዘረጋ አንዷን በጥፍሩ ሰብሮ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና «መጀመሪያ ያሽትቱት እናቴ፣ ከዚያ ይገዛሉ» አለኝ። በመጀመሪያ የመጣው የጭስ ሽታ ነው። ቀጥሎ የቁንዶ በርበሬ ዓይነት ማቃጠል ተሰማኝ፤ በመጨረሻም እርጥብ ጫካ ጫካ የሚል ነገር ቀረ። ጭሱ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅሁት። ጥምዝ የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ደን ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ስለሚበዛ ፍሬው በቤት ውስጥ ከእሳት በላይ ተሰቅሎ ይደርቃል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ በእጁ ወደ ጣሪያው እያሳየኝ ነበር፤ የእናቱ ቤት ጥምዝ የሚሰቀልበትን ቦታ ማለቱ ነው።

«ምን ትሠሩበታላችሁ?» ስለው ብዙ ነገር ዘረዘረልኝ። ከዚያ ውስጥ የያዝኩት አንዱን ነው፤ ሽሮው ከእሳት ሊወርድ ሲል አንድ ሁለት ፍሬ ደቁሶ ጣል ማድረግ። ያን ዕለት ማታ ነጭ ሽሮ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ብቻ ሠራሁ፤ በርበሬ አልነካሁም። ጥምዙን በሙቀጫ ደቁሼ ልክ ሲወርድ በተንኩበትና ክዳኑን ለጥቂት ደቂቃ ዘጋሁት። እኛ የምናበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ሽሮው ግን በእንጨት እሳት የተሠራ ይመስል ነበር። ትልቋ ልጄ አንድ ጊዜ ጎርሳ «ቅቤ አለበት እንዴ?» ብላ እጇን ሰበሰበች። እንደሌለበት ነግሬያት ነው የቀጠለችው።

ከዚያ ወዲህ ጥምዝን በሌላውም ላይ ሞክሬዋለሁ። ክክ አልጫ ላይ ደኅና ነው። ዱባ ወጥ ላይ ከሁሉም ይበልጣል፤ የዱባው ጣፋጭነትና የጥምዙ ጭስ ይዋደዳሉ። ጎመን ላይ ግን አልወደድኩለትም፣ ምሬቱን ያጎላዋል። ስትሞክሩት በጥቂቱ ጀምሩ፤ ከበዛ ወጡን ጠቅላላ ይይዘዋል።

ኮሰረትንም እዚያው ነው እንደገና የተዋወቅሁት። ኮሰረት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታሰበን ቅቤ ማንጠርና ክትፎ ነው፤ ጾም ሲገባ ከቁምሳጥኑ ጥግ ይቀመጣል። አንዲት የጉራጌ እናት ግን «ቅቤ ባይኖር ዘይት የለም ወይ?» አሉኝና ዘይት በቅመም እንዴት እንደሚነጠር አስረዱኝ። ዘይቱ በዝግታ እሳት ላይ ይሞቃል፤ የተከተፈ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፤ ትንሽ እርድና የተሸረከተ ኮረሪማ ይከተላል። ኮሰረቱና በሶብላው መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው የሚገቡት፤ ቅጠል ስለሆኑ ቶሎ ያርራሉ፣ ካረሩ ደግሞ ይመርራሉ። ከዚያ ይጠለላል። ጎመን ተቀቅሎ፣ ደቅቆ ተከትፎ በዚህ ዘይት ሲለወስ ያለ ቅቤም ማዕረግ ያገኛል። ቆጮ ያለው ሰው ከቆጮ ጋር ያቅርበው። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ውጭ መዋል የለበትም። በማቀዝቀዣ ይቀመጥ፣ በሳምንት ውስጥም ይለቅ።

ጦስኝ ላይ ብዙ አልቆይም። ከመንዝ ደጋ የመጣ ጦስኝ በእቅፍ ይሸጣል፤ ለሻይ ብቻ የምታውቁት ከሆነ ሽሮ ስታስፈጩ ጥቂት ጨምሩበት።

ስልጆ ላይ ግን እቆያለሁ። አማቴ «ድሮ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ስልጆን ነው። ቤታቸው በጾም ሙሉ ማሰሮ ይቀመጥ እንደነበር ይነግሩናል፤ ራሳቸው ግን በልጅነታቸው በሉት እንጂ አልሠሩትም። ሱፍ፣ ተልባና ሰናፍጭ የሚሸጡ አንዲት አረጋዊት እናት አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ስልጆ መሥራት ያውቃሉ?» ስላቸው እጃቸውን ከሰናፍጩ ውስጥ ሳያወጡ «ልጄ፣ ስልጆ ለችኩል አይሆንም» አሉኝ፤ ቀጥለውም ገዢ እየመጣ እያቋረጣቸው እንኳን እስከ መጨረሻው ነገሩኝ።

ሱፉ ትንሽ ተቀቅሎ ይወቀጣል፣ በውኃ ተበጥብጦ ይጠለላል። የሚወጣው ነጭ ውኃ ነው የሚፈለገው። የባቄላ ዱቄት በዚህ ውኃ ይበጠበጥና እሳት ላይ እየተማሰለ ወፈር ብሎ እስኪበስል ይቆያል። ዋናው ጉዳይ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እማማ እንዲህ አሉኝ፤ «ጣትሽን ንከሪበት። ጣትሽን ካቃጠለሽ ሰናፍጩን አትጨምሪ፤ ትገይዋለሽ።» እውነታቸውን ነው። ሰናፍጭ የሚፋጀው ፍሬው ተፈጭቶ ውኃ ሲነካው ነው፤ ያን ማቃጠል የሚፈጥረው በውስጡ ያለ ኢንዛይም ነው፣ ኢንዛይሙ ደግሞ ሙቀት ያጠፋዋል። ትኩስ ላይ የተጨመረ ሰናፍጭ ምሬቱ ብቻ ይቀራል። እማማ ኢንዛይም የሚባል ቃል ሳያስፈልጋቸው ነገሩን በጣታቸው ያውቁታል።

ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የተፈጨው ሰናፍጭ ይገባል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ትንሽ ጤና አዳም ተደቁሰው ይከተላሉ። ከዚያ ማሰሮ ውስጥ ተከድኖ ለቀናት ይቦካል። በየዕለቱ እየከፈትኩ አሸተው ነበር። በመጀመሪያ ጥሬ ባቄላ ባቄላ ይላል፤ ቀጥሎ ሰናፍጩ ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ ቆይቶ ደግሞ ኮምጠጥ ያለ፣ የሚያስጎመጅ ሽታ ይይዛል። ያኔ ደርሷል። የሚቀርበው ቀዝቃዛውን፣ በማንኪያ፣ በእንጀራው ዳር ነው። ከምስር ወጥ ጋር አንድ ጉርሻ ስታደርጉት ያ የሰለቸ ምስር ሌላ ምግብ ይሆናል። አማቴ ቀመሱና «ጨው ጎድሎታል» አሉ፤ ጥቂት ቆይተው ማሰሮውን ወደ እሳቸው እንዳቀርበው ጠየቁኝ። ልጆቼ አልወደዱትም፤ አፍንጫቸውን ያቃጥላቸዋል። ባለቤቴ ግን ቢሮ ይዞት የሚሄድ ሆኗል።

ከስልጆ የተረፈው ሰናፍጭ በራሱ ሁለት ምግብ ይወልዳል። ድፍን ምስር ተቀቅሎ፣ ፈረክረክ ተደርጎ፣ በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ሲለወስ አዚፋ ነው። የሽምብራ ዱቄት በውኃና በዘይት በስሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ተፈርፍሮ በተመሳሳይ ነገር ሲለወስ ደግሞ ቡቲቻ ነው። ሁለቱም ቀዝቃዛ የሚበሉ ስለሆኑ ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ ያድኗችኋል።

ሽምብራ ካነሣሁ እህል በረንዳን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሽሮ ስትገዙ ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት አይቻልም። ጓያ ርካሽ ስለሆነ ከሽሮ እህል ጋር የሚቀላቅሉ አሉ፤ ጓያ አብዝቶና አዘውትሮ መብላት ደግሞ እግር እንደሚያሽመደምድ የታወቀ ነው። ጥሬውን አተርና ሽምብራ በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ለቅማችሁ፣ ቆልታችሁ ሰፈራችሁ ባለው ወፍጮ ቤት ብታስፈጩ ያ ስጋት ይቀራል። ከዚያው ዱቄት የሽምብራ ዓሣ መሥራት ይቻላል። ዱቄቱ በዘይትና በቅመም ጠንከር ተደርጎ ይታሻል፣ በዓሣ ቅርፅ ተቆርጦ ይጠበሳል፣ ከዚያ በበርበሬ ቁሌት ውስጥ ይገባል። ቅርፁን የሚሠሩት ልጆቼ ናቸው፤ ቅርፊቱን በሹካ ጥርስ ያወጡለታል፣ ለዓይኑ የጥቁር አዝሙድ ፍሬ ይሰኩለታል። ራሳቸው የሠሩትን ምግብ ክዳን ከፍቶ መመለስ የለም።

አሁን ደግሞ ጉድለቱ። በርበሬ በረንዳ ለሁሉም ሰው አይመችም። አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃን የያዘች እናት ባይሄዱ እመክራለሁ፤ የበርበሬው አቧራ ቀላል አይደለም። መሸፈኛ አድርጉ፣ ዓይናችሁንም በእጃችሁ አትንኩ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ተሸካሚዎች ኩንታል ይዘው ሲመጡ ጥግ መያዝ ያስፈልጋል፤ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ደግሞ ከግብይቱ በላይ ያደክማል። አንዳንድ ሱቆች ከኪሎ በታች አይሸጡም። አዲስ ነገር ለመሞከር የሚሄድ ሰው የሚፈልገው ግማሽ እፍኝ ነው፤ ለማያውቀው ቅመም ኪሎ መግዛት አለበት መባሉ ልክ አይመስለኝም። እኔ የማደርገው በትንንሽ መደብ ወደተቀመጡት እናቶች መሄድ ነው፤ እነሱ በስኒም ይሰፍራሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያወሩት እነሱ ናቸው።

የተፈጨ ነገርም እዚያ አልገዛም። ይህን የምለው ሁሉም ይቀላቅላል ብዬ አይደለም፤ ንጹሕ የሚሸጡ ብዙ ናቸው። ግን ዱቄት በዓይን አይመረመርም፤ ዛላ፣ ፍሬና ቅጠል ይመረመራል። እርድ እንኳን ሥሩን ደረቁን ግዙ። ሚዛኑን ዓይናችሁ እያየ አስመዝኑ፣ ቦርሳችሁን ከፊታችሁ ያዙ። የምግብ አሠራር ስትጠይቁም አንዱ የነገራችሁን ሌላዋ ታፈርሰዋለች፤ በስልጆ ጤና አዳም ይገባል የሚሉም፣ አይገባም የሚሉም አሉ። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ሁለቱንም ሠርቶ የቤቱን ምላስ መጠየቅ ነው።

ከአምስት ነጥብ አራቱን እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በአቧራውና በመንገዱ ነው። ዋጋ አልጻፍኩም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ይለወጣል፤ ከበዓል በፊት ባሉት ሳምንታት ግን እንደሚወደድ እርግጠኛ ሁኑ። ለዐቢይ ጾም ለመዘጋጀት የሚመቸው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ አዲሱ ዛላ ገብቷል፣ ግፊያውም ረገብ ይላል። ከሳምንቱ ቀናት ቅዳሜን ተዉት። ጠዋት ሻጮቹ ዕቃቸውን ዘርግተው ገዢ ሳይበዛባቸው ከደረሳችሁ ለጥያቄያችሁ ጊዜ አላቸው። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ፣ ጥምዙን ከነፍሬው፣ ሰናፍጩን ሳይፈጭ በጠርሙስ ዘግታችሁ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ አስቀምጡ፤ በምትሠሩበት ዕለት የሚበቃችሁን ብቻ ደቁሱ። እንዲህ ከተያዘ በየካቲት የገዛችሁት ለነሐሴው ፍልሰታም ይደርሳል።